የአጎቴ ቲአርኤክስ፦ 2ኤች የለውም፣ ላውንቹ ሰነፈ፣ እኔም ግራ ገባኝ

የለገጣፎው_ልጅ | ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡና ቀድታችሁ አንብቡት።

አጎቴ ከአሜሪካ ጠቅልሎ የገባ ጊዜ ከዕቃው ጋር መኪናውንም አምጥቶ ነበር። ራም 1500 ቲአርኤክስ ነው፣ የ2021 ሞዴል። 6.2 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ያለው፣ 702 የፈረስ ጉልበት። ግቢያችን አልበቃ ብሎት የአጥሩን በር አፍርሰን አሰፋነው። መኪናው 702 ጉልበት አለው፣ አጎቴ ግን ሁለቱንም ጉልበቱን ያመዋል፤ ስለዚህ መሪውን ለእኔ አስረክቦኛል። እኔ ደግሞ ከቪትዝና ከአባቴ ሃይሉክስ ሌላ ነድቼ አላውቅም።

ሃይሉክሱ ላይ 2ኤች አለ (በሁለት ጎማ)፣ 4ኤች አለ (በአራት)፣ 4ኤል አለ (በአራት፣ ቀስ ብሎ በጉልበት)፣ አለቀ። ይሄኛው 2ኤች የሚባል ነገር የለውም። ያለው 4አውቶ፣ 4ሃይ፣ 4ሎውና ኤን (ኒውትራል) ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ በሁለት ጎማ ብቻ ልነዳው ብፈልግ መንገዱን አጣሁት። (በዚህ መኪና «ነዳጅ ልቆጥብ» ማለቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፣ ሳቁና መልሱልኝ።)

ሌላው፣ ባለፈው ሳምንት በዚያ ከባድ ዝናብ ከሱሉልታ ስመለስ 4ሃይ አስገባሁ። እንጦጦን ስወርድ ዝናቡ አባራ፣ ወደ እኛ ስቃረብ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ እኔ ረስቼዋለሁ። ግቢ ለመግባት መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ መኪናው ወጠረ። ጎማው እየተንገጫገጨ ዘለለ፣ ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ በረንዳ ላይ ሆኖ «ሰበርከው!» አለ። ሰብሬው ይሆን?

ዋናው ግን የላውንች ቁልፉ ነው፣ መኪናውን ከቆመበት በሙሉ ጉልበት የሚያስነሳው። አጎቴ «ይሄ መኪና ከዜሮ ተነስቶ 60 ማይል የሚገባው በ4.5 ሰከንድ ነው» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። እሁድ ጠዋት ሱሉልታን አለፍ ብሎ ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሞከርነው፣ በስልክ ለካን። ሦስቴ ተከታትለን ሞክረን ምርጡ እስከ 100 ኪሎ ሜትር 5.8 ሆነ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሞተሩ ታሟል እንዴ?


ባጃጅ_ዘጀሞ | 2፡52

702 ጉልበት ይዘህ ለገጣፎ ኮብልስቶን ላይ የምትሄደው በ15 ነው። እኔም በ15 ነው የምሄደው። እኩል ነን።


ጋሽ_ሃርድቶፕ | 3፡30

ልጄ፣ አልሰበርከውም። አጎትህንም አረጋጋው።

ሠላሳ ዓመት ያህል የመስክ መኪና ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን በ70 ሲሪየሱ ሃርድ ቶፕ። በዚያ መኪና ፎር ዊል ለማስገባት መጀመሪያ ጭቃው ውስጥ ወርደህ የፊት ጎማዎቹን መሃል በእጅህ አዙረህ ትቆልፋለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ አጭሯን ማርሽ ትስባለህ። ይሄን ያደረገ ሰው 4ሃይ ላይ መሆኑን አይረሳም፤ ሱሪው ያስታውሰዋል። ዛሬ በአንድ ጣት ይገባል፣ ስለዚህ ይረሳል።

የወጠረህ ምን መሰለህ። መኪና ሲታጠፍ አራቱም ጎማዎች የየራሳቸውን መንገድ ነው የሚሄዱት። የውጭው ከውስጡ ይረዝማል፣ የፊቶቹ ደግሞ ከኋለኞቹ ሰፋ ያለ ክብ ይዞራሉ። ሲታረስ አይተህ ታውቃለህ? ጥማዱ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር የውጭው በሬ ተንጠራርቶ ይራመዳል፣ የውስጡ ባለበት ይረግጣል። የግራና የቀኙን ልዩነት ዲፈረንሻሉ ያቻችልልሃል። የፊትና የኋላውን ግን 4ሃይ ላይ የሚያቻችል የለም፤ የፊቱና የኋላው እንደ አንድ ብረት ታስረዋል። ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ ከሆንክ ጎማው ትንሽ ሸርተት ብሎ ሒሳቡን ይዘጋል፣ አይታወቅህም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሸሻ የለውም። ውጥረቱ ዘንጉና ጥርሱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንዱ ጎማ ተስፈንጥሮ ሲለቅ ያን «ቋ» ትሰማለህ።

አንድ ቀን መርሳት መኪና አይሰብርም። ልማድ ካደረግከው ግን መጀመሪያ ጎማ ትጨርሳለህ፣ ቀጥሎ ትራንስፈር ኬዙን፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን። ወደ 4አውቶ አልመለስ ካለህ መሪውን አቅንተህ ትንሽ ወደ ኋላ ንዳው፣ ይፈታል።


የለገጣፎው_ልጅ | 3፡41

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ «ይሄን ሰውዬ የት አገኘኸው» አለኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፤ 4አውቶስ ለምን አይወጥርም? ሁለቱም እኮ «4» ናቸው።


ኢንጂነሯ_ከገላን | ነሐሴ 10፣ ከጠዋቱ 1፡15

መልሱ ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ ነው ያለው። የሃይሉክሱ ወይ ታስሯል ወይ ተፈትቷል፣ መሃል የለውም። የቲአርኤክሱ ውስጥ ግን ተደራርበው የተቀመጡ የክላች ሰሌዳዎች አሉ፣ የሚያዛቸው ኮምፒውተር ነው። ሲጫናቸው ወደ ፊት ብዙ ጉልበት ይሄዳል፣ ሲያላላቸው ጥቂት። በመደበኛው ሞድ መነሻው 40 በመቶ ለፊት፣ 60 ለኋላ ነው። ስትታጠፍ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ሸርተት ስለሚሉ ጋሼ የነገሩህን ልዩነት እነሱ ይውጡታል። 4ሃይ ስትለው ሰሌዳዎቹ ተጨምቀው ይያያዛሉ፣ መሸርተት ያቆማሉ፣ የሃይሉክሱ 4ኤች ሆነ ማለት ነው።

ቪ8 የነዳ ሰው ቶሎ ይገባዋል። 200 ሲሪየሱ ላንድክሩዘርም 2ኤች የለውም፤ መሃሉ ላይ ቶርሰን የሚባል ዲፈረንሻል ስላለው ዓመቱን ሙሉ በአራት ጎማ አስፋልት ላይ ይሄዳል። የመሃሉን ሎክ ስትጫን ነው የሚታሰረው። እንግዲህ 4አውቶን ሎኩ ያልተጫነ ቪ8፣ 4ሃይን ሎኩ የተጫነ ቪ8 አድርገህ ያዘው። አሠራራቸው ይለያል፣ አንዱ በጥርስ ሌላው በክላች ነው፤ ለሚነዳ ሰው ግን ይሄ ይበቃል።

2ኤች ያልሰጡህ ረስተው አይደለም። ይሄን ሁሉ ጉልበት በሁለት የኋላ ጎማ ብቻ እርጥብ አስፋልት ላይ ብትለቀው የራስህን የኋላ መብራት በጎን መስኮት ታየዋለህ። ነዳጁን እርሳው። የሚጠጣው ሱፐርቻርጀር የተጫነበት 6.2 ሊትር ሞተር ነው፤ የፊት ጎማ ብታላቅቅ ሰልባትዮው ላይ ልዩነቱ አይታይህም።

ማንም ሳይጠይቀኝ የምጨምረው፦ ብዙ ሰው 4ሃይን እና ሞዱን አንድ ያደርጋቸዋል፣ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። 4አውቶ፣ 4ሃይ፣ 4ሎው የሚሉት የፊትና የኋላው ዘንግ እንዴት ይገናኝ የሚለውን ነው የሚወስኑት። ስፖርት፣ ስኖው፣ መድ፣ ሮክ፣ ባሃ የሚባሉት ደግሞ የመኪናውን ጠባይ ነው የሚቀይሩት፤ ቤንዚን መስጫው ምን ያህል ይቆጣ፣ ማርሹ መቼ ይቀየር፣ ሾክ አብዞርበሩ ይጠንክር ወይስ ይለስልስ፣ መንሸራተት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ወዲያው ይያዝ ወይስ ይታገሥ። ስኖው የሚለውን «እዚህ አገር በረዶ የት አለ» ብላችሁ አትለፉት። ቤንዚን መስጫውን ያደነዝዘዋል፤ ለክረምት ኮብልስቶን ቁልቁለት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሮክ ለድንጋይ ነው፣ ከ4ሎው ጋር የሚሄድ፣ ጉልበቱን 50 በ50 የሚያካፍል። ስፖርቱን ለአጎትህ አትንገረው።


ባጃጅ_ዘጀሞ | 1፡22

ባሃ የተባለው ምንድን ነው? ባጃጅ ሞድ ከሆነ እኔ ላስተምር።


ኢንጂነሯ_ከገላን | 1፡30

ባሃ ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ባሕረ ገብ መሬት ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1967 ጀምሮ የታወቀ የበረሃ ውድድር ይካሄድበታል። ሞዱ ስሙን ከዚያ ነው የወሰደው። አሸዋና ጠጠር ላይ በፍጥነት ለሚሄድ ሰው የተሠራ ነው፤ ጉልበቱን አብዝቶ ወደ ኋላ ይልካል፣ ትንሽ ብትንሸራተትም ዝም ይልሃል። ፍጥነት ከሌለህ ግን ባሃ ትርጉም የለውም።


ባጃጅ_ዘጀሞ | 1፡33

እየተንሸራተቱ መሄድና ዝም መባል። ይሄማ ባጃጅ ሞድ ነው።


ባሮሜትር | ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 6፡05

የላውንቿን ጥያቄ ማንም አልነካትም፣ እኔ ልውሰዳት።

የአጎትህ ሞተር አልታመመም፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከ2500 ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ከአየር ጋር በልኩ ሲደባለቅ ስለሆነ አየሩ በሩብ ሲጎድል ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል።

«ሱፐርቻርጀር አለው አይደል እንዴ?» ትለኝ ይሆናል። አለው፤ ግን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው፣ በሞተሩ ዙር ልክ ብቻ ነው የሚዞረው። ሥራው ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ማባዛት ነው። ሩቡ የጎደለ አየር ሰጥተኸው ቢያባዛው የሚመልስልህም ሩቡ የጎደለ ነው። ቱርቦ ቢሆን ትንሽ ይሻል ነበር። ቱርቦን የሚያዞረው ጭሱ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሩ ብዙ ጭስ ወደ እሱ ልኮ የባሰ ሊያስሮጠው ይችላል። ቱርቦ ያላቸው የናፍታ መኪኖች እንጦጦ ዳገት ላይ ቱርቦ የሌለውን ቤንዚን እያለፉ የሚሄዱት አንዱ ምስጢር ይሄ ነው። በጣት ስሌት 702ቱ ሱሉልታ ላይ 530 ገደማ ይሆናል።

ታዲያ በሩብ ቀንሶ ሰዓቱ ለምን በሩብ ብቻ አልጨመረም ብለህ ካሰላህ፣ ሌላም አለ። 60 ማይል ማለት 96.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ እናንተ የለካችሁት እስከ 100 ነው። የአሜሪካ መጽሔቶች ደግሞ ሲለኩ መኪናው ከቆመበት የሚንቀሳቀስባትን የመጀመሪያዋን አንድ ጫማ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አይቆጥሯትም። ሰዓቱ የሚጀምረው እሷን ካለፈ በኋላ ነው። ትንሽ ትመስላለች እንጂ መኪና ሲነሳ ቀርፋፋው ቦታ እሷ ስለሆነች ብቻዋን ወደ 0.3 ሰከንድ ታስቆጥራለች። የስልክህ ቆጣሪ እሷንም ቆጥሮብሃል።

ነዳጁንም እይ። ይሄ ሞተር 91 ይፈልጋል ሲባል በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓው 95 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ከቀዳህለት ሞተሩ እንዳይንኳኳ ኮምፒውተሩ እሳቱን ያዘገያል፣ ከጉልበቱም ይቆነጥራል። ከፍታ ላይ ያለው ሳሳ ያለ አየር ይሄን ጣጣ ትንሽ ያቀልልሃል፣ እንደ ካሳ ቁጠረው።

5.8 ሱሉልታ ላይ የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም።


የለገጣፎው_ልጅ | ምሽት 1፡10

ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ትንፋሽ አጥሮት ነው» የሚለው ላይ ስደርስ «እኔንም ያጥረኛል፣ ሲያትል እያለሁ ደረጃ በሩጫ ነበር የምወጣው» አለ። ዛሬ የሚተኛ ይመስለኛል።

ኢንጂነሯ፣ ላውንቹ ውስጥ በትክክል ምንድን ነው የሚደረገው? ደግሞስ 4አውቶ ይሻላል 4ሃይ?


ኢንጂነሯ_ከገላን | 2፡00

ቁልፉን ትጫናለህ፣ መሪውን ታቀናለህ፣ በግራ እግርህ ፍሬኑን አጥብቀህ ይዘህ በቀኙ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ትረግጣለህ። ኮምፒውተሩ ሞተሩን በተወሰነ ዙር ላይ ይዞ ያቆየዋል። ያቺ ቆይታ ለጉራ አይደለችም። አንደኛ ሱፐርቻርጀሩ አየሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሁለተኛ ከካምቢዮው እስከ ጎማው ድረስ በየጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ቀድሞ ይወጠራል፤ ፍሬኑን ስትለቅ ብረት ብረትን በመዶሻ እንደመታ አይሆንም። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ጎማ መንሸራተት እየለካ ጉልበቱን ቆንጥሮ ቆንጥሮ ይሰጣል። ያለ ላውንች ይሄን በእግርህ ብታደርገው ወይ ብዙ ትሰጣለህ ወይ ትንሽ።

4አውቶ ላይ ተወው፣ ለአስፋልት የተሠራው እሱ ነው። 4ሎው ላይ ላውንች የለም፤ 4ሎው ፍጥነቱን በ2.64 አካፍሎ ጉልበቱን በዚያው የሚያባዛ ነው፣ የላውንች ተቃራኒ በለው።

«ሦስቴ ተከታትለን» ያልከው ግን አስደንግጦኛል። ፍሬን ይዘህ ቤንዚን ስትረግጥ ጎማው አይዞርም፣ ጉልበቱ ሁሉ የካምቢዮው ዘይት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከሞከርክ በኋላ አሥር ደቂቃ ቀስ ብለህ ነድተህ አብርደው። የመኪናው ጋሻ ኮምፒውተሩ ነው፣ ኪሱ ግን የአጎትህ ነው።


ቻርጅ_ላይ_ነኝ | 2፡20

ይቅርታ፣ ሳልጠራ ልግባ። መንግሥት በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የወደፊቱ ወሬ ወደ እኛ መጥቷል። ባሮሜትር የጻፈው ሁሉ እውነት ነው፣ እኛን ግን አይመለከተንም። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ሱሉልታ ላይም ጅቡቲ ወደብ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ጂኤምሲ ሃመር ኤሌክትሪኩን ተመልከቱ፦ ሦስት ሞተር፣ እስከ 1000 የፈረስ ጉልበት፣ የራሱ የላውንች ሞድ ያለው፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ተነስቶ 60 ማይል በ3 ሰከንድ ገደማ። መሃል ላይ ትራንስፈር ኬዝ የለ፣ የሚወጥር ዘንግ የለ። የፊቱ ሞተር ለፊት፣ የኋላው ለኋላ።


ጋሽ_ሃርድቶፕ | 2፡34

ክብደቱ ስንት ነው?


ቻርጅ_ላይ_ነኝ | 2፡36

ከ4 ቶን በላይ።


ጋሽ_ሃርድቶፕ | 2፡37

በነሐሴ ኮቲቻ ጭቃ ላይ እንዳታወጣው።


ማለዳ_12_ሰዓት | ነሐሴ 11፣ ከጠዋቱ 4፡50

ክሩን ሰው ልኮልኝ ነው የገባሁት። የለገጣፎው ልጅ፣ መኪናው ግራጫ ነው? እሁድ ጠዋት፣ ሱሉልታን አልፎ፣ በስተግራ የድርቆሽ ክምር ያለበት ቀጥታ መንገድ?

ስድስት ሆነን በዳር እየሮጥን ነበር። 22 ኪሎ ሜትር ነበረን፣ 15ኛው ላይ ነን። መጀመሪያ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማን፣ ዞር ስንል አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ እየመጣ ነው። ከመካከላችን ትንሿ ልጅ ደንግጣ ቦይ ውስጥ ዘለለች። ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ አሁን በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርን ነው፤ መስከረም ላይ የምትጠብቀው ውድድር ነበራት። አልነካችኋትም፣ አውቃለሁ። ግን እዚህ ስለ 0.3 ሰከንድ ስታወሩ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያ መንገድ በዚያ ሰዓት ሜዳችን ነው። ሱሉልታ፣ እንጦጦ፣ ሰንዳፋ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሯጭ የሌለበት ዳር የለም። እናንተን ትንፋሽ ያሳጠራችሁን አየር ፈልገን ነው የምንመጣው።


የለገጣፎው_ልጅ | ነሐሴ 12፣ ምሽት 3፡05

ትናንት ሙሉ ቀን ምን ልጻፍ ብዬ ዝም አልኩ። አዎ እህቴ፣ ግራጫው የእኛ ነው። ሰዎች ዳር ላይ እንዳሉ አይቼ ነበር፣ «ሩቅ ናቸው» አልኩ። መቶ ላይ ስትደርስ ሩቅ የሚባል ነገር እንደሌለ ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። የልጅቷን ስልክ በግል ላኪልኝ፣ ሐኪም ጋ ይዤያት ልሂድ። አጎቴም ይመጣል።

ሁለተኛ መንገድ ላይ አልሞክርም። አጎቴን የሚያውቁት አንድ ባለ መጋዘን ሰው ዱከም አካባቢ የታጠረ ሰፊ አስፋልት ግቢ አላቸው፣ ባዶ በሆነ ቀን ይፈቅዱልናል።


ባሮሜትር | 3፡20

ጉዳዩን ሰዓት ብቻ አድርጌ ነው የጻፍኩት። የት ሆኖ ተለካ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።


የለገጣፎው_ልጅ | ነሐሴ 21፣ ምሽት 2፡00

ሁለት ዜና። የመጀመሪያው፣ ልጅቷ ደህና ናት፤ አጥንቷ አልተነካም፣ ቀስ ብላ መሮጥ ጀምራለች። አጎቴ ፍራፍሬ በካርቶን ጭኖ ሄዶ እቤታቸው ምሳ በልቶ መጣ፣ አሁን ከእኔ በላይ ዘመዳቸው ሆኗል።

ሁለተኛው፣ ትናንት ከሰንዳፋ ወዲያ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። የመጨረሻዋ ሁለት ኪሎ ሜትር በማሳ መካከል የምታልፍ የአፈር መንገድ ናት። አጎቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከጎኔ ተቀምጧል፣ «ባሃ አድርገው፣ ለእንዲህ ያለው ነው የተሠራው» አለ። ኢንጂነሯ የጻፈችውን አንብቤ አንብቤ፣ አጎቴ ሲለኝ ረሳሁት። 4አውቶ፣ ባሃ፣ ቤንዚን ሰጠሁት። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደ ጀልባ ወዲያ ወዲህ እያለ ሄደ፣ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ፍጥነቱ ሞተ። ጨመርኩለት፤ ጎማዎቹ ጭቃውን እስከ ጣሪያው ረጩት፣ መኪናው ግን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ሄደ። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና ሆዱ መሬት ነካ። ወርጄ ሳይ የጎማው ጥርስ የት እንዳለ አይታወቅም፣ አራት ጥቁር ድፎ ዳቦ ነው የሚመስለው።

ለቀስተኛው በእግሩ እያለፈን «እግዜር ያጽናችሁ» ይለናል። ለሟቹ ይሁን ለመኪናው አላውቅም። ትራክተር ያለው ገበሬ 2500 ብር ተቀብሎ ጎተተን። አንድ አዛውንት ጭቃውን በዱላቸው ነካ አድርገው «ኮቲቻ!» ብለው ብቻ ሄዱ። ጋሼ፣ እርስዎን አስታወስኩ።


ጋሽ_ሃርድቶፕ | 2፡45

ኮቲቻ፣ እኛ ደግሞ መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር፣ እንደ ሌላ ጭቃ አይደለም። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይያያዛል። በበጋ ስትሄድ እጅህን የምታስገባበት ስንጥቅ ያገኘህበት ያው መሬት ነው። ጎማው ጥርስ ውስጥ ከሞላ በኋላ የ35 ኢንች ጎማህና ያለቀ ጎማ አንድ ናቸው።

ከመግባትህ በፊት ውረድ። ባለቤቱ ገበሬ ካለ ጠይቅ፣ ከሌለ በእግርህ ሃምሳ ሜትር ሂድበት። ጫማህን ከያዘው መኪናውንም ይይዘዋል። 4ሎው ከመግባትህ በፊት ነው የምታስገባው፣ ከተዘፈቅክ በኋላ አይደለም፤ መኪናው ሊቆም ሲል፣ ማርሹን ኒውትራል አድርገህ። ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ ይዘህ፣ ሳታጣድፍ፣ መሃል ላይ ሳትቆም። መሄድ ሲያቅተው ቤንዚን አትጨምርለት። ገና ሆዱ ሳይቀመጥ በራስህ የጎማ ዱካ ወደ ኋላ ውጣ። ሆዱ ከተቀመጠ 700 ጉልበትም 70 ጉልበትም እኩል ነው፣ ጎማውን የሚጫነው ክብደት የለማ። የቀረው ድንጋይ፣ ገለባና የሰው ትከሻ ነው።


ኢንጂነሯ_ከገላን | 3፡10

ጋሼ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፣ አንዷ ላይ ግን ልከራከርዎት። ኮቲቻ ላይ ሁልጊዜ ቀስ ማለት አያዋጣም። ጎማው ጥርሱን የሚያጸዳው ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየወረወረ ነው፤ ቀስ ካሉ ሞልቶ ይቀራል። መድ የሚባለው ሞድ ለዚያ ነው የተሠራው። ኮምፒውተሩ እንደ አስፋልቱ መንሸራተት ባየ ቁጥር ጉልበቱን አይቆርጥም፣ የተወሰነ ሽክርክሪት ይፈቅዳል። 4ሎው፣ መድ፣ ቋሚ የሆነ መጠነኛ ቤንዚን። የኋላ ዲፈረንሻሉንም መቆለፍ ይቻላል፣ አንዱ ጎማ በባዶ ሲዞር ሌላው ዝም ብሎ እንዳይቆም።

ባሃ ያጠፋው ሌላ ነው፦ ጉልበቱን ለኋላ ጎማ አብዝቶ ሰጠ፣ ፍጥነቱ ሲሞት የኋላው ብቻውን ጉድጓዱን ቆፈረ።


ጋሽ_ሃርድቶፕ | 3፡25

ልጄ፣ ልክ ነሽ፣ በሃርድ ቶፑም ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ እየቀያየርን ጎማውን እናራግፈው ነበር። እኔ «ቀስ» የምለው እንደ እሱ ያለውን ልጅ ነው። «ትንሽ አሽከርክር» ካልኩት አፈሩን ሰንዳፋ ከተማ ድረስ ይልከዋል።


የለገጣፎው_ልጅ | 3፡40

ገብቶኛል ጋሼ፣ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ቀርቷል። አጎቴ ካርታ ይዞ ተቀምጧል። ባሮሜትር የጻፈውን ደግሞ አንብቦ «ታዲያ ወደ ታች ብንወርድስ» አለ። አዳማ እንኳ ከ1600 ሜትር በላይ ነው ብሎ ናቃት። አሁን ሰመራ እያለ ነው፤ ከ500 ሜትር በታች ናት። «እዚያ አንድ የታጠረ ግቢ ፈልጌ 4.5ቷን ሳላይ አልሞትም» ይላል።


ባሮሜትር | 3፡52

ቁመቱ ትክክል ነው። ግን ሰመራ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሙቅ አየርም ስስ ነው፣ ሱፐርቻርጀሩ ደግሞ የባሰ ያሞቀዋል። በከፍታ ካገኘኸው ላይ ሙቀቱ የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል። በታኅሣሥ፣ ገና ሳይነጋ ቢሞክር ይሻለዋል።


ማለዳ_12_ሰዓት | 3፡55

ሰመራ እኛ አንሮጥም። ይሂድ።